በአንድ የዕጣን ዛፍ ላይ ስንት ብጥ ይበቃል?

መነሻ ጽሑፍ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዕጣን በሚያመርት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። የምናመርትበት ደን የመንግሥት ነው፤ እኛ የምንጠቀምበት በየጊዜው በሚታደስ ውል ሲሆን፣ ዛፉን የሚያደሙት፣ ማለትም ዕጣኑ እንዲፈስ ግንዱን በብጥ የሚያቆስሉት፣ ሠራተኞች የሚከፈላቸው ባስረከቡት ኪሎ ልክ ነው። እስከ አሁን በአንድ ዛፍ ላይ በምሥራቅና በምዕራብ ጎኑ ሦስት ሦስት ብጥ፣ ግንዱ ወፈር ያለ ከሆነም እስከ ዘጠኝ ስናወጣ ቆይተናል። ዘንድሮ ዋጋው ከፍ በማለቱ ከአባላቱ ገሚሱ ብጡ ዐሥራ ሁለት ይድረስ፣ ለቀማውም የመጀመሪያው ዝናብ እስኪጥል ይቀጥል ብለዋል። ሽማግሌዎቹ አባላት ግን ዛፉ አይችለውም ይላሉ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ክረምቱ አልፎ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት፣ ሠራተኛው ምንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከግንዱ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ስስ ልጣጭ ያነሣል። ከተላጠው ቦታ ወዲያው ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹ እዚያው ቁስሉ ላይ ደርቆ ሲጠጥር ዕጣን ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅምና ያንኑ ቁስል ጥቂት አስፍቶ ያድሰዋል። ይህ በጋውን ሙሉ፣ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ፣ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዙር ይደጋገማል።

የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። ዛፉን ለጉዳት የሚዳርገው መብጣቱ ብቻውን አይደለም፤ ከመብጣቱ ጀርባ ያለው አከፋፈልና ውል ነው። በኪሎ የሚከፈለው ሠራተኛ ዛፍ በማሳረፉ የሚያገኘው ሳንቲም የለም። ውሉ ይታደስልኝ ይሆን እያለ የሚሰጋ ማኅበርም ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚደርስ ዛፍ እንዲያስብ መጠበቅ ከባድ ነው። የምታውቁ አስረዱኝ፤ የማትስማሙም በማስረጃ ተቃወሙኝ።

(ምላሾቹ ከሃያ በላይ በመሆናቸውና ዘግይተው የገቡ አንባቢዎች አሳጥርልን ብለው በመጠየቃቸው፣ የየምላሹን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥሩ ከዚህ በታች በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ። ስድብ የነበረበትን ትቼዋለሁ።)

ምላሽ 1። የደን ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ ሰው፣ ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ ጥያቄው በመስክ ጥናት የተፈተሸ መሆኑን አስታወሱ። በመተማ አካባቢ በተደረገ ሙከራ የብጡ ቁጥር ከሦስት ወደ ስድስት፣ ከስድስትም ወደ ዘጠኝ ሲያድግ ምርቱ አብሮ ማደጉን፣ ከዘጠኝ ገደማ በላይ ግን ቁስሉ ቢበዛም የሚገኘው ዕጣን ይህን ያህል እንደማይጨምር አስረዱ። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ብጥ የሚሉት አባላት ለዛፉ ባይራሩ እንኳ ለድካማቸው ቢራሩ ይሻላቸዋል ብለዋል። ቀጭን ዛፍ ጭራሽ እንዳይነካ፣ የቆሰለ ዛፍም የተወሰነ ዓመት እንዲያርፍ መክረዋል።

ምላሽ 2። ዕድሜአቸውን በአበርገሌ በረሃ ዕጣን ሲያደሙ ያሳለፉ አባት፣ በልጃቸው በኩል አስጽፈው፣ የ1 ቁጥሩ ባለሙያ የተናገሩት ትክክል ቢሆንም ሁሉም ቁጥር ላይ ብቻ ማተኮሩ እንዳላስደሰታቸው ገለጹ። እንደ እርሳቸው ቃል ጉዳዩ ጥልቀቱ ነው። ዕጣኑ የሚገኘው ከውስጠኛው ልጥ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ምንም የለም። ጥሩ ሠራተኛ የሚያነሣት የመጀመሪያዋ ልጣጭ በሁለት ጣት ስትያዝ ሳትሰበር የምትተጣጠፍ መሆን አለባት፤ የተላጠውም ቦታ ነጣ ብሎ ፈሳሹን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ያንቆረቁራል። ምንጋፉ ጠልቆ እንጨቱን ከነካው ግን ያ ቦታ በከረመ ጊዜ ቅርፊት አያለብስም፣ ጠቁሮ ይቀራል። እርሳቸው በወጣትነታቸው አዲስ ገቢ ሠራተኛ እንጨት ሲነካ አለቃው ያን ቀን ምንጋፉን ይቀማውና ውኃ ቀጂ ያደርገው እንደነበር አጫውተውናል። ከዚህ ሁሉ ክርክር እኔ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ምላሽ ነው።

ምላሽ 3። በሁለተኛው ምላሽ ሙሉ በሙሉ የተስማማ ተማሪ፣ የጠለቀ ቁስል ለጢንዚዛ በር እንደሚከፍት ጨመረ። ኢዳክተስ ስፒኒፔኒስ የተባለው ረጅም ቀንድ ያለው ጢንዚዛ በዕጣን ዛፍ ላይ እንደሚገኝ፣ ዕጩም ግንዱን እየቦረቦረ እንደሚያደክመው ጽፏል። ከዛፉ ሥር የእንጨት ብናኝ ከታየ ወይም ቅርፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ያን ዛፍ መብጣት በበሽተኛ ላይ ደም መቅዳት ነው ብሏል። እንዲህ ውስጡ የተበላ ዛፍ ላይ ላዩን ደህና ቆሞ ይታይና ነፋስ ሲመጣ ከወገቡ ይሰበራል።

ምላሽ 4። አንዲት ተመራማሪ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ የጥያቄውን አቅጣጫ ለማረም እንደምትፈልግ ገለጸች። እ.ኤ.አ. በ2012 በመተማ የዕጣን ደኖች ላይ የወጣው ጥናት የሚደሙትንም የማይደሙትንም ዛፎች ጎን ለጎን አይቶ፣ ሁለቱም ጋ ወጣት ዛፍ እንደሌለና ሁለቱም እየተመናመኑ እንደሆነ ማሳየቱን አስታወሰች። የዚያ ጥናት ስሌት ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ እንደሚወርድ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣውና 23 የዛፍ ስብስቦችን ያካተተው ጥናት ደግሞ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ስብስቦች ትናንሽ ዛፎች እንደሌሉ፣ ምርቱም በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስለዚህ ስድስትም ይሁን ዐሥራ ሁለት፣ የምንከራከረው ተተኪ ስለሌላቸው ሽማግሌ ዛፎች ነው የሚል ነው ማሳሰቢያዋ።

ምላሽ 5። ከዚህ ላይ ድምፁ ከረር ማለት ጀመረ። አንድ ተሳታፊ 4 ቁጥር የጥናቱን አንድ ወገን ብቻ አቀረበች ሲል ወቀሰ። በኤርትራ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ሥራ ካልተነኩ ዛፎች የተሰበሰበው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከሚደሙት ዛፎች የተሰበሰበው ግን 16 በመቶ እንኳ እንዳልደረሰ ማሳየቱን ጠቅሶ፣ መብጣቱን ንጹሕ ማድረግ አይቻልም አለ። ምክንያቱንም አብራርቷል፤ ዛፉ የሚያብበውና ዘር የሚቋጥረው ቅጠሉን ባራገፈበት በጋ፣ ማለትም እኛ በምናደማበት ወቅት ነው። ያጠራቀመውን ስንቅ ለቁስሉ ወይም ለዘሩ ማከፋፈል ግድ ይሆንበታል።

እንደ እኔ ግን 4 እና 5 የሚጣሉበት ነገር የለም። አንዷ ዘሩ ከወደቀ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ስትናገር፣ ሌላው ዘሩ ከመውደቁ በፊት ምን እንደደረሰበት ይናገራል። ይህን ጽፌ ነበር፤ ሁለቱም አልወደዱልኝም።

ምላሽ 6። ራሱ ዕጣን የሚያደማ ሰው፣ በብዙ ምሬት ጻፈ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በረሃ ላይ በላስቲክ መጠለያ የሚያድረው፣ ውኃ በአህያ ከሩቅ የሚያስመጣው፣ ወባና እባብ የሚፈራረቁበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ስለ ብጥ ቁጥር ሲያስተምሩት መስማት እንደሰለቸው ገለጸ። ዙሩን ሳይጨርስ ካቆመ ቀሪውን ወር ማን ያበላዋል? አጥኚዎቹ ዛፍ ቆጥረው ሲመለሱ ሠራተኛውን ቆጥረውት ያውቃሉ ወይ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ነበሩ። ቃላቱ ሻካራ ቢሆኑም ለመነሻ ጽሑፌ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ምላሽ 7። ደኑን ያጠፉት ከሌላ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ናቸው የሚል ነበር፤ ሰውን በትውልድ ቦታው የሚዘልፈውን ክፍል የመድረኩ አስተባባሪዎች አንሥተውታል።

ምላሽ 8። ለ7 የተሰጠ መልስ ነው። የመተማና የቋራ ደኖች ለረጅም ዘመን ሲደሙ የኖሩት ከትግራይ በሚመጡ ልምድ ባላቸው ሠራተኞች እንደነበረ፣ ጉዳቱ የባሰውም እነርሱ መምጣት ባልቻሉባቸው ዓመታት ሥራውን ያልተማረ ሰው መጥረቢያ ይዞ ሲገባ እንደሆነ ጸሐፊው ተከራክሯል። 2 ቁጥር የተናገሩትን የውኃ ቀጂነት ቅጣት አስታውሶም፣ ዛሬ አዲስ ሠራተኛ የሚቀጣ ቀርቶ የሚያሠለጥን አለቃ የታለ ሲል ጠይቋል።

ከምላሽ 9 እስከ 12። ውይይቱ ወደ ቡና ሥነ ሥርዓት ዘወር አለ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖሩ እናት ከሱቅ የገዙት ዕጣን ፍም ላይ ሲጣል ከሽታው ጭሱ ለምን እንደሚበዛ ጠየቁ። ዕጣን ለቀማ ላይ የሠራች ሴት መለሰችላቸው፤ በመጋዘን ውስጥ ለቃሚዎቹ ትልልቁንና ነጩን ጠብታ ለአንደኛ ደረጃ እንደሚለዩት፣ ቀጥሎ ያለው በመጠኑ እያነሰ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ እንደሚወርድ፣ የጠቆረው አራተኛ ውስጥ እንደሚገባ፣ ቅርፊትና ትቢያ የተቀላቀለበት ደቃቁ ደግሞ የመጨረሻው አምስተኛ ደረጃ እንደሆነ አስረዳች። የሚጨሰው ቅርፊቱ ነው። 11 ቁጥር ከሙስካት ሆኖ የኦማን ሉባን ከሌላ የዕጣን ዛፍ ዝርያ እንደሚገኝ፣ እዚያ ያሉ ሰዎችም በውኃ ዘፍዝፈው ሲጠጡት ማየቱን ጻፈ። 12 ከርቤም ከዚሁ ዛፍ ነው ወይ አለና፣ አይደለም፣ ከርቤ ኮሚፎራ ከሚባለው ሌላ ወገን ነው የሚል አጭር መልስ አገኘ። የለቃሚዋን መልስ ግን እንዲሁ ማለፍ አይገባም፤ እንጨት የነካ ብጥ ቅርፊት ያራግፋልና፣ በጥድፊያ የደማ ዛፍ ዕጣኑ ራሱ በደረጃ ይወርዳል።

ምላሽ 13። ወደ ጉዳያችን እንመለስ የሚል አንድ መስመር።

ምላሽ 14። ገዳሪፍ ለረጅም ጊዜ የኖረ ነጋዴ የሱዳንን ልምድ አመጣ። የሙጫ ግራር፣ በእነርሱ ሀሻብ የሚባለው፣ የሚደማው በሌላ መንገድ ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ከቅርንጫፉ ላይ ቅርፊቱን ነክቶ ወደ ላይና ወደ ታች በረጅሙ መላጥ ብቻ ነው፣ እንጨቱ አይነካም። በኮርዶፋን ገበሬው ማሽላና ሰሊጥ ያደከመውን መሬት ለሀሻብ ይለቅቀዋል፤ ዛፉ አፈሩን እያዳበረ ለዓመታት ሙጫ ይሰጣል፣ ሲያረጅም ተቆርጦ መሬቱ ወደ እህል ይመለሳል። የዛፉ ባለቤት ገበሬው ራሱ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል የሙጫ ዐረቢያን ለብቻው ነጥላ መተዋን ነጋዴው በፈገግታ አንሥቷል፤ ለስላሳ መጠጡና ከረሜላው ያለ እርሱ አይሆንምና። መደምደሚያው የእኔን አቋም የሚደግፍ ነበር፤ ባለቤት ያለው ዛፍ አይታረድም።

ምላሽ 15። ይህን ደስታዬን ያደፈረሰው ከጅግጅጋ የጻፈ ወንድም ነው። በሰሜን ሶማሊያ ተራሮች ሞኸርና መይዲ የሚባሉት የዕጣን ዛፎች ከአባት ወደ ልጅ የሚወርዱ የቤተሰብ ንብረት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሸለቆ ባለቤቱ ይታወቃል። ነገር ግን ለሽቶና ለዘይት የሚፈልጉት የውጭ ገዢዎች በዝተው ዋጋው ሲወጣ፣ ባለቤቶቹ ዛፋቸውን ለሌላ ሰው አከራዩ፣ ተከራዩም በአንድ ዛፍ ላይ ከልማዱ በላይ ቁስል አበዛ፣ የዕረፍት ዓመቱም ተዘለለ። ባለቤትነት ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አያድንም አለ። ለዚህ እስከ አሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም፤ ማለት የምችለው እዚያም ቢሆን ጉዳቱ የመጣው አድሚውና ባለቤቱ ሲለያዩ መሆኑን ብቻ ነው።

ምላሽ 16። ከቦረና። በእነርሱ ዘንድ አብዛኛው ሙጫና ዕጣን ከብት ጠባቂዎችና ሴቶች በየመንገዱ የሚለቅሙት፣ በራሱ ጊዜ ወይም በነፍሳት ቁስል የፈሰሰ ነው፤ ምንጋፍ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ምርቱ ያነሰ ቢሆንም ዛፉ ሲሞት አላየንም ይላል።

ምላሽ 17። እስከ አሁን ከመጡት ሁሉ ቁጡው ይህ ነበር። ጸሐፊው ስለ ብጥ ቁጥር የሚደረገውን ክርክር በሙሉ ጊዜ ማባከን አለው። እርሱ በሚያውቀው የመተማ ቀበሌ የዕጣን ደን የጠፋው ለሰሊጥ እርሻ በትራክተር ሲመነጠር ነው፤ የተረፈው ዳገታማውና ድንጋያማው ብቻ ነው። በዚያ በተረፈውም ቢሆን በየዓመቱ እሳት ይለቀቅበታል፣ ከብቱ ደግሞ ለቡቃያው ምሕረት የለውም። አንድ የሰሊጥ ባለሀብት በአንድ ሳምንት የሚያወድመውን ዛፍ ሺህ አድሚ በዕድሜው ይጨርሰዋል ወይ ሲል ጠየቀን፣ አይጨርሰውም ብሎ መልሱንም ራሱ ሰጠ።

ምላሽ 18። 6 ቁጥር ተመልሶ መጣና ከ17 ጋር ተስማማ፤ ከዚያ ግን 4 ቁጥርን የቢሮ ሰው ብሎ ጎሸም አደረጋት።

ምላሽ 19። 4 ቁጥር ለ17 ሰፊ መልስ ሰጠች። እሳቱና ግጦሹ ትልቅ ምክንያት መሆናቸውን አምና፣ አንድ ነገር ግን ቀላል እንዳይመስለን አሳሰበች። የዕጣን ዛፍ ችግኝ በክረምት ይበቅልና በጋ ሲገባ ከላይ ያለው ክፍል ይደርቃል፤ ሥሩ ብቻ ይተርፋል። በሚቀጥለው ክረምት ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይደርቃል። በዚህ ሁኔታ ከጉልበት ሳያልፍ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከብት ያልገባባቸው የተከለሉ ቦታዎች ላይ ችግኙ ቢበዛም ወደ ዛፍነት የተሻገረው ያን ያህል አይደለም፤ አንድ ሁለት ዓመት ከልሎ ውጤት አላየሁም ብሎ መክፈት የተለመደው ስሕተት ነው አለች። ለ6 ደግሞ እርሷም መስክ ስትሠራ በዚያው በላስቲክ መጠለያ እንደምታድር በጨዋነት ነገረችው። 6 ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ጀመረ፤ እኛም ፈገግ አልን።

ምላሽ 20። የሕግ ባለሙያ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብና የማኅበር ደን የሚባሉ የይዞታ ዓይነቶችን እንደሚያውቅ፣ እኛም በአጭር የአጠቃቀም ውል ብቻ ከመኖር በእነዚህ በኩል ረዘም ያለ መብት መጠየቅ እንደምንችል ጠቆመ። ያንን ከያዝን ሠራተኛውን ከኪሎ ክፍያ ወደ ዛፍ ክፍያ ማዛወር ይቻላል፤ ማለትም በደንቡ መሠረት ስላደማው ዛፍ ይከፈለዋል፣ እንጨት ስለነካበት ዛፍ ይቀነስበታል። በዚህ ሐሳብ ላይ 2 ቁጥር አባት በልጃቸው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ቅነሳውን የሚወስነው ሰው ራሱ ምንጋፍ ይዞ ያደማ መሆን አለበት።

ምላሽ 21። ከአበርገሌ ሌላ ሰው፣ ዘር አልሆነላችሁ ካለ ቅርንጫፍ ትከሉ አለ። ዛፉ ቅጠል አልባ ሳለ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ከሜትር በላይ አስረዝሞ መቁረጥ፣ የተቆረጠውን አፍ በጥላ ሥር ጥቂት ቀን ማድረቅ፣ ከዚያ ውኃ በማይቋጥር ድንጋያማ ቦታ መትከል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውኃ በማብዛት ነው፤ ይበሰብሳል። ቅርንጫፉ ካልደማና ካልታመመ ዛፍ መቆረጥ አለበት፤ ማኅበሩ ጨርሶ የማይነካቸውን ዛፎች ከአሁኑ ምልክት ቢያደርግባቸው ለዘርም ለቅርንጫፍም ይሆኑታል።

ምላሽ 22። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ለተከለለው ቦታ የጥበቃ ደመወዝ ማን ይከፍላል? ይህን የጠየቀው የሌላ ማኅበር ሒሳብ ሹም ነው። እነርሱ ከልለው ሲያበቁ ገንዘቡ ሲያልቅ ጥበቃው ሄደ፣ ከብቱም ገባ።

ምላሽ 23። ይህ የእኔ ነው። ጉባኤያችን ከምርት ዘመኑ መጀመሪያ በፊት ተሰብስቦ የብጡ ቁጥር ከዘጠኝ እንዳያልፍ፣ በቀጭን ዛፍ ላይ ምንጋፍ እንዳያርፍ ወስኗል። 1 ቁጥር የጠቀሱትን ሙከራ ያነበብሁላቸው ጊዜ ዐሥራ ሁለት ይሉ የነበሩት አብዛኞቹ ሐሳባቸውን የለወጡት ለዛፉ ብለው አይደለም፤ ትርፍ የሌለው ድካም መሆኑን ስለተረዱ ነው። ከደኑ ሢሶውን እናሳርፍ ያልሁት ግን ወደቀ፤ ያረፈው ክፍል የማን ድርሻ ይሆናል በሚል ጭቅጭቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ። ዳገቱን አንዱን ጎን ለመከለል የተስማማን ሲሆን፣ የጥበቃው ደመወዝ ከእያንዳንዱ ዙር ሽያጭ ላይ ተቀንሶ እንዲቀመጥ ተደርጓል። የዛፍ ክፍያውን በአንድ የሠራተኞች ቡድን ላይ ብቻ እንሞክረዋለን፤ የቡድኑን ብጥ የሚፈትሹት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ያደሙ።

ምላሽ 24። 6 ቁጥር፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ቦታ ካለ እንድነግረው ጠየቀ። ስልኩን በውስጥ መልእክት እንዲልክልኝ ጽፌለታለሁ።